የመውላና ስሞች፦ የኮንያ ጉዞ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 3፣ ኢስታንቡል

ነገ በባቡር ወደ ኮንያ እሄዳለሁ፤ የምሄድበትም ምክንያት በዚያች ከተማ የተቀበረ አንድ ባለቅኔ ነው። ማስታወሻውን ለመጀመር ብዕር ሳነሣ ግን ሰውየውን በየትኛው ስሙ እንደምጠራው ስለቸገረኝ የመጀመሪያውን ገጽ ሁለት ጊዜ ቀድጄ ጣልሁት። በእኛ አገር ጥቂት ያነበበ ሰው “ሩሚ” ሲባል ያውቀዋል። እዚህ ግን “የሩሚ መቃብር” ብዬ የጠየቅኋቸው ሰዎች ለአፍታ ያስቡና “ሃ፣ ሜቭላና!” እያሉ ያርሙኛል። ኢራናውያን “ሞውላና” ወይም “ሞውላቪ” ይሉታል፤ አፍጋኖች ደግሞ “መውላና ጀላሉዲን ባልኺ” ካልተባለ ቅር ይላቸዋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የተጸውዖ ስሙ አንድም የለበትም፤ ሲወለድ የወጣለት ስም መሐመድ ነው። “ጀላሉዲን” እንኳ “የሃይማኖት ግርማ” ማለት ሲሆን የክብር ስም ነው፤ “መውላና” ደግሞ በዐረብኛ “ጌታችን” ማለት ነው። ካሳ ተብሎ ተወልዶ፣ በፈረስ ስሙ አባ ታጠቅ ተብሎ፣ ቴዎድሮስ ተብሎ ለነገሠ ሰው ታሪክ እንግዳ ላልሆነ የእኛ አንባቢ ይህ ብዙ የሚያስገርም አይሆንም፤ ልዩነቱ የካሳ ስሞች በአንድ አገር ውስጥ የተሰጡ መሆናቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ በጋላታ ወደሚገኘው የመውላዊያን፣ ማለትም የመውላና ተከታዮች፣ ገዳም ሄድሁ። ገዳም ማለቴ የሱፊዎች መኖሪያና መማሪያ ስለነበረ ነው። በ1491 የተመሠረተ ሲሆን (በዚህ ማስታወሻ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ሙዚየም ነው። በግቢው ውስጥ ያለው መካነ መቃብር “ሃሙሻን” ይባላል፤ “ዝም ያሉት” እንደማለት ነው። በየመቃብሩ ራስጌ በቆመው ድንጋይ ጫፍ ላይ የመውላዊያን ረጅም ቆብ ተቀርጿል። “ሃሙሽ” የሚለውን ቃል በማስታወሻዬ ደብተር ላይ አስምሬበት አደርሁ፤ ባለቅኔው በብዙ ግጥሞቹ መጨረሻ ላይ ራሱን የሚጠራበት ቃል ነውና። ሌሎች ስለ ስሙ ሲሟገቱ እርሱ ራሱን “ዝም ባይ” ብሎ ነበር። ከዚያ ውጭ በትልቁ ዲዋኑ ውስጥ እንደ ፊርማ ያስገባው የራሱን ሳይሆን የወዳጁን የሸምስን ስም ነው፤ ወደ 40,000 ስንኝ የሚጠጋው መድበልም እስከ ዛሬ የሚጠራው “ዲዋነ ሸምስ” እየተባለ ነው።

ታኅሣሥ 4፣ በባቡር

ፈጣኑ ባቡር ከእስያው ወገን ተነሥቶ ኮንያ ለመድረስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ኮንያ የሚማር አፍጋናዊ ነበር፤ ዕድሜዬን በዓይኑ ለክቶ ነው መሰለኝ ከመጀመሪያው ጀምሮ “ካካ ጃን”፣ ማለትም “አጎቴ” እያለ ያናግረኝ ጀመር። ያደገው በመዛር ሸሪፍ ነው፤ ከዚያ ጥንታዊቷ ባልኽ ቅርብ ናት። የምሄድበትን ስነግረው ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ፤ በጭቃ ጡብ የተሠራ፣ ግማሹ የፈረሰ፣ ቅስቱ ብቻ የቀረ ግንብ ነው። “ካካ ጃን፣ የመውላና አባት ቤት ይህ ነው” አለኝ። “ነገ የምታየው ጉልላት አረንጓዴ ነው፤ የእኛ ግን እንዲህ ነው።”

ቅሬታው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ2016 ኢራንና ቱርክ የባለቅኔውን ትልቅ ሥራ “መስነቪ”ን በጋራ በዩኔስኮ ለማስመዝገብ መነሣታቸው ሲሰማ አፍጋኒስታን ውስጥ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ወጣቱም ያን ጊዜ ተማሪ ቤት እያለ መምህራቸው ሲቆጡ እንዳየ አጫወተኝ። እኔም ነገሩን ላለማባባስ ብዬ ዝም ማለት ሲገባኝ፣ አባትየው በሃዑዲን ወለድ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ወኽሽ በተባለች ከተማ ይኖር እንደነበር መጥቀሱን፣ ስለዚህም አንዳንድ ተመራማሪዎች ልጁ የተወለደው በዚያች በዛሬዋ ታጂኪስታን ውስጥ ባለችው ወኽሽ ነው እንደሚሉ አነሣሁ። ወጣቱ ጥቂት አሰበና “ወኽሽም የባልኽ ነበረች” አለ። መልሱ ከንቱ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን ባልኽ ከተማ ብቻ ሳትሆን ዙሪያዋን ሁሉ የምታስጠራ ስም ነበረች፤ በወኽሽ የተወለደ ሰው ሩቅ አገር ሲደርስ “ባልኺ ነኝ” ቢል ውሸት አይሆንበትም።

“ሩሚ” የሚለው ስም ግን ሌላ ነገር ነው። ሩም ማለት ሮም ነው፤ የጣሊያኗ ሳትሆን የቁስጥንጥንያዋ። በግዕዝ መጻሕፍታችን “ንጉሠ ሮም” ሲባል ብዙ ጊዜ የቢዛንታይን ንጉሥ ማለት እንደሆነ ሁሉ፣ ሙስሊሞቹም ከቢዛንታይን የተወሰደውን የአናቶልያን ምድር “ሩም” ይሉት ነበር። እንግዲህ “ሩሚ” ማለት “የሮም አገር ሰው” ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም በራስ አገር አይወጣም። በኮንያ የሚኖር ሁሉ የሩም ሰው ስለሆነ አንዱን ለይቶ “ሩሚ” ማለት ትርጉም የለውም፤ የሚያስፈልገው ለሩቅ ሰው ነው። እኛም አገር ቤት ሳለን ጎጃሜና ወሎዬ፣ ሸዌና ጎንደሬ እንባባላለን፤ ጂዳ ወይም ዋሽንግተን ስንደርስ ግን ሁላችንም “ሐበሻ” እንሆናለን። በኮንያ የነበረውን ሰው ባልኺ የሚያሰኘው ከባልኽ መውጣቱ ነው፤ ሩሚ የሚያሰኘው ደግሞ ዝናው ከሩም መውጣቱ ነው። ሁለቱም ስሞች የስደትና የርቀት ስሞች ሆነው ሳለ ዛሬ የመሬት ባለቤትነት ማስረጃ ሆነው መቅረባቸው ይገርመኛል።

ቤተሰቡ ከባልኽ ምድር የተነሣው ልጁ ገና አሥር ዓመት ገደማ ሳለ፣ ሞንጎሎች ከተማይቱን ከማውደማቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በባግዳድና በመካ አልፈው፣ በአናቶልያም ከከተማ ከተማ ተንከራትተው፣ በሰልጁቁ ሱልጣን በአላዑዲን ከይቁባድ ዘመን ኮንያ ገቡ። የዛሬው ባቡር በአምስት ሰዓት የሚጨርሰውን መንገድ ስመለከት፣ እነርሱ ከአሥር ዓመት በላይ መንገድ ላይ መኖራቸውን ማሰብ ይከብዳል። ማኅተም ያለበት ፓስፖርት ቢኖራቸው ኖሮ ክርክሩ ሁሉ በአንድ ገጽ ያልቅ ነበር።

ታኅሣሥ 5፣ ኮንያ

ኮንያ ለእኛ አዲስ ስም አይደለችም፤ ጳውሎስና በርናባስ የሰበኩባት፣ በሐዋርያት ሥራ “ኢቆንዮን” ተብላ የምናነባት ከተማ ናት። ከተማይቱም እንደ ሰውየው ስሟን እየቀየረች የኖረች ናት ማለት ነው።

ትናንት ማታ ሆቴል ስገባ የእንግዳ መቀበያው ወጣት ፓስፖርቴን አይቶ በአባቴ ስም “ሚስተር” እያለ ይጠራኝ ነበር። ከአገሩ የወጣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ዝም አልሁ። ዛሬ ጠዋት ግን የሆቴሉ ባለቤት፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ “የአንተ ስም የትኛው ነው?” ብለው ጠየቁኝ፤ ስነግራቸውም በራሴ ስም ላይ “ቤይ” ጨምረው ጠሩኝ። ቱርኮች “አቶ” የሚሉት እንዲህ ነው፤ እነርሱም እንደ እኛው ከራስ ስም ጋር እንጂ ከአባት ስም ጋር አያያይዙትም። ከማታ ጀምሮ በአባቴ ስም ስጠራ ቆይቼ ስሜ ሲመለስልኝ የተሰማኝ ደስታ ከነገሩ መጠን በላይ ነበር።

አረንጓዴው ጉልላት ከሩቅ ይታያል። መጀመሪያ የተሠራው ባለቅኔው ባረፈ በዓመቱ በ1274 ነው። የቱርክ ሪፐብሊክ በ1925 የሱፊዎችን ገዳማት በሕግ ከዘጋ በኋላ ሥፍራው በ1927 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም በሕግ ሙዚየም፣ በሰው ልብ ግን መካነ ጸሎት ነው። በር ላይ የላስቲክ የጫማ ሽፋን ያጠልቁና ይገባሉ። ውስጡ ሙቅ ነው፤ የምንጣፍና የእርጥብ ካፖርት ሽታ ተቀላቅሎበታል። መቃብሮቹ በወርቅ ጥልፍ የተሸፈኑ ሣጥኖች ሲሆኑ በየራስጌያቸው ጥምጥም የተደረገበት ቆብ ተቀምጧል። ከመውላና መቃብር አጠገብ አንድ ከሌሎቹ ሁሉ ከፍ ብሎ የቆመ፣ በቅርጽ የተሸለመ የእንጨት ሣጥን አለ፤ የአባቱ መቃብር ነው። ሕዝቡ ልጁ በመጣ ጊዜ አባት በአክብሮት ተነሥቶ ቆመ ይላል። አስጎብኚው ግን ሣጥኑ መጀመሪያ ለራሱ ለመውላና የተሠራ እንደነበረ፣ በኋላ በኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን ዘመን እብነ በረድ ሲደረግለት የእንጨቱ ወደ አባቱ መቃብር መዛወሩን ነገሩን።

መቃብሩ ፊት ብዙ ከቆዩት መካከል አንዲት ኢራናዊት ሴት ነበሩ። ግንባራቸውን ወደ አጥሩ አስጠግተው በሹክሹክታ ግጥም ይደግማሉ። አጠገባቸው የቆመች አንዲት የቱርክ ልጃገረድ ጥቂት አዳምጣ “ጸሎት ነው?” ብላ ጠየቀቻቸው። ሴትየዋ በተሰባበረ ቱርክኛ “አይደለም፣ የእርሱ ግጥም ነው” አሏት። ልጅቱ ደነገጠች፤ በግድግዳው ላይ ከተጻፈው አንዱን መስመር እየጠቆመች “ይህንስ ማንበብ ይችላሉ?” አለች። ሴትየዋ አነበቡላት። ስምንት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ፋርስኛ ዛሬ ቴህራን ላይ ለሚኖር ሰው ብዙም ሳያስቸግር ይነበባል፤ ኮንያ ተወልዳ ላደገችው ልጅ ግን በየቀኑ የምታልፍበት ግድግዳ የተዘጋ ነው። ቱርክ መቃብሩን፣ ኢራን ቋንቋውን፣ አፍጋኒስታን የትውልዱን አገር ይዘው የሚሟገቱት ሙግት ለእኔ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ግን አልተሟገቱም፤ ሴትየዋ እያነበቡ ልጅቱ በስልኳ ትቀዳ ነበር።

ግቢው ውስጥ አንድ ባዶ መቃብርም አለ። በፓኪስታን ላሆር የተቀበረው ባለቅኔ መሐመድ ኢቅባል መውላናን መምህሬ ይለው ስለነበር በ1965 የመታሰቢያ መቃብር ተደርጎለታል። የተቀበረ ሰው የሌለበትን መቃብር ሰው ቆሞ ሲጸልይበት አየሁ።

ታኅሣሥ 6፣ ኮንያ

በረዶ እየጣለ ስለነበር በከተማው ውስጥ ብቻ ተንቀሳቀስሁ። ሸምስ የተባለው ተቅበዝባዥ የተብሪዝ ሰው በ1244 ኮንያ ገብቶ መውላናን ያገኘበት ነው የሚባለው ሥፍራ ምልክት ተደርጎበታል፤ “የሁለቱ ባሕሮች መገናኛ” ይሉታል። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ የሸምስ መስጊድና መቃብር አለ፤ ነገር ግን በኢራን ኾይ በምትባለው ከተማም የሸምስ መቃብር አለ፤ በዚያ ያለው የጡብ ግንብ የአውሬ ቀንድ ተሰክቶበታል። ሸምስ ከኮንያ በድንገት ስለጠፋና መጨረሻው ስላልታወቀ ሁለት መቃብር ቢኖረው የሚያስወቅስ አይመስለኝም።

የመታሰቢያ ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች ውስጥ የማይገኝበት የለም የሚባለው “ና፣ ና፣ ማንም ብትሆን ና” የሚለው ስንኝ ነው። በሳህን ላይ፣ በቲሸርት ላይ፣ በማግኔት ላይ ተጽፏል። ከኮንያ መልእክቶች ሁሉ ይበልጥ ዓለምን የዞረው ይህ ስንኝ የመውላና አይደለም፤ ከእርሱ በፊት ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞ በኖረው በአቡ ሰዒድ አቡል ኸይር ስም ይታወቅ የነበረ ነው። ለአንዱ ባለ ሱቅ ይህን ብነግራቸው፣ “አቢ”፣ ማለትም “ወንድሜ”፣ “እርሱ ባይለውም ይስማማበት ነበር” ብለው ሻይ ጋበዙኝ። ክርክሩን የተሸነፍሁ ያህል ተሰምቶኛል፤ ማግኔቱን ግን አልገዛሁም።

ታኅሣሥ 7፣ ካራማን

ከኮንያ ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ካራማን በጥንት ስሟ ላረንዴ ትባል ነበር። ቤተሰቡ ኮንያ ከመግባቱ በፊት ሰባት ዓመት ያህል የቆየው እዚህ ነው፤ ጀላሉዲን ገውሐር ኻቱን የተባለችውን ሚስቱን ያገባው፣ የበኩር ልጁን ሱልጣን ወለድን የወለደው፣ እናቱን ሙእሚና ኻቱንን የቀበረው እዚህ ነው። የእናቲቱ መቃብር ያለበት መስጊድ አነስተኛና ጸጥ ያለ ነው። ስለ ባለቅኔው አባት አገርና ዘር ቶን ሙሉ ቀለም ሲፈስስ ስለ እናቱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ በገባሁበት ጊዜ ከአንዲት ምንጣፍ የምትጠርግ ሴት በቀር ማንም አልነበረም።

ይህች ከተማ ግን ሌላም ነገር ታከብራለች። መውላና ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ በ1277 የካራማኑ መህመድ ቤይ ኮንያን ሲይዝ፣ ከእንግዲህ በጉባኤም በገበያም ከቱርክኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይነገር ብሎ አዘዘ ይባላል፤ ቀኑም እስከ ዛሬ የቋንቋ በዓል ሆኖ ይታሰባል። መህመድ ቤይ ያን ጊዜ ሊያስወግደው የፈለገው በቤተ መንግሥቱ የነገሠውን ፋርስኛ ነበር። 25,000 ያህል ጥንድ ስንኝ በፋርስኛ የጻፈውን ሰው እናት መቃብር የያዘችው ከተማ የቱርክኛ አዋጅ ከተማም መሆኗን ሳስብ፣ አገር እንዲህ ያለውን ቅራኔ ሳይቸገር ተሸክሞት እንደሚኖር ታየኝ። መውላና ራሱ ከፋርስኛው ሌላ በዐረብኛ፣ ጥቂትም በቱርክኛና በጽርዕ (በግሪክኛ) ስንኝ ቋጥሯል፤ የጽርዑ ስንኝ ጎረቤቶቹ እነማን እንደነበሩ ይነግረናል።

ታኅሣሥ 8፣ ኮንያ

ዛሬ በአውሮፓውያኑ ዲሴምበር 17 ነው፤ መውላና ያረፈበት ቀን። የሙት ዓመት አይሉትም፤ “ሸብ አሩስ”፣ የሠርግ ሌሊት ይሉታል። በቀብሩ ላይ ክርስቲያኖችና አይሁድ የየራሳቸውን መጽሐፍ ይዘው እንደወጡ የጥንት ተከታዮቹ ጽፈዋል። ማታ አዳራሹ በሺህ በሚቈጠር ሰው ሞላ። በመጀመሪያ ኢትሪ የተባለው የኦቶማን ዘመን የዜማ ሊቅ ያቀናው ውዳሴ በአንድ ድምፅ ተዜመ፤ ከዚያ ነይ የተባለው የሸምበቆ እንቢልታ ብቻውን ጀመረ። መሣሪያው የዋሽንታችን የሥጋ ዘመድ ነው፤ ዘጠኝ አንጓ ካለው ሸምበቆ ይቈረጣል፣ ከፊት ስድስት ከኋላ አንድ ቀዳዳ አለው፣ ድምፁም ትንፋሽ የተቀላቀለበትና ሸካራ ነው። “መስነቪ” የሚጀምረው ይህ ሸምበቆ ከበቀለበት ሥፍራ ተቈርጦ በመለየቱ ሲያለቅስ ነው።

እየዞሩ የሚያሸበሽቡት መውላዊያን ጥቁር ካባቸውን ጥለው በነጭ ቀሚስ ቀሩ። ቀኝ እጅ ወደ ሰማይ፣ ግራው ወደ ምድር ሆኖ በግራ እግራቸው ላይ ሲዞሩ የቀሚሳቸው ጠርዝ ነፋሱን እስከ እኔ ድረስ ያደርሰው ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡትን የሆቴሉን ባለቤት የሚዜመው በምን ቋንቋ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። “በፋርስኛ” አሉኝ። “ይገባዎታል?” “አይገባኝም፤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።” ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም፤ እኔም ትርጉሙን ሳላውቀው በቃሌ ይዤ ያደግሁት የግዕዝ ቅዳሴ አለኝ። ቋንቋውን የማይሰሙ ሰዎች ለብዙ ትውልድ ዜማውን ጠብቀው ማቆየታቸው ቀላል ባለቤትነት አይደለም፤ የባቡሩ ወጣት ቢኖር ይህን እነግረው ነበር። እርሱም ግጥሙን እየሰማ የሚያለቅሰው ሕዝብ በዚህ አዳራሽ ወንበር የሌለው መሆኑን መልሶ ይነግረኝ ነበር፤ ያም እውነት ነው።

ታኅሣሥ 9፣ ወደ ኢስታንቡል

በመልስ ጉዞዬ “መስነቪ”ን በትርጉም እያነበብሁ ነው። በሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ የእኛው አገር ሰው ቢላል አለ፤ እርሱም በመካ “አል ሐበሺ” ተብሎ የርቀት ስም የወጣለት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ቢላል ወደ ጸሎት ሲጠራ “ሐይየ” የሚለውን ቃል ከጉሮሮ በሚወጣው “ሐ” ማለት ሲገባው በለስላሳው “ሀ” ይለው ነበር። አንዳንዶች የተሻለ አፍ ያለው ሰው ይሾም ብለው አቤት አሉ። የተሰጣቸው መልስም በእግዚአብሔር ዘንድ የቢላል አንዲት “ሀይ” ከመቶ የተጣራ “ሐ” ትበልጣለች የሚል ነው።

ሐመሩን ሐ፣ ሃሌታውን ሀ፣ ብዙኃኑን ኀ ለይተን እየጻፍን ሦስቱንም በአንድ ድምፅ የምንጠራ ሰዎች ስለሆንን የቢላልን ችግር ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የባልኹ ተወላጅ በኮንያ ተቀምጦ፣ በፋርስኛ፣ ስለ አንድ ሐበሻ ዐረብኛ አጠራር መጻፉ ደስ አሰኝቶኝ ዐረቦቹ እንደሚሉት አድርጌ በለሆሳስ ሞከርሁት። ጉሮሮዬ እንቢ አለ። ደግሜ ሞከርሁ። ከጎኔ ያሸልቡ የነበሩት ሰውዬ ነቅተው “አቢ፣ የሆነ ነገር አልክ?” አሉኝ።

አይ አልኋቸውና ዝም አልሁ።